የተሽከርካሪ ቤት የውሃ መስመርን ለውርጭ ወራት ማዘጋጀት

የተሽከርካሪ ቤት የውሃ መስመርን ለውርጭ ወራት ማዘጋጀት ማለት በመኪና የሚጎተት ወይም በራሱ ሞተር የሚሄድ መኖሪያ ከባድ ብርድ ሳይመጣበት በፊት ከታንከሩ፣ ከቧንቧዎቹ፣ ከፓምፑና ከውሃ ማሞቂያው ውስጥ ውሃውን አስወጥቶ ባዶ ማድረግ፣ ወይም በውሃው ምትክ በቀላሉ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ መሙላት ነው። ሥራው በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ብርዱ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ የሚደጋገም ሲሆን ለለመደው ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሲዘለል ግን ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ቧንቧው በታኅሣሥ ወይም በጥር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በራሱ በበረዶው ተደፍኖ ይቆያል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው በሚያዝያ ውሃ ከፍቶ ከግድግዳው ጀርባ የፏፏታ ድምፅ ሲሰማ ነው። በውርጭ የሚደርስ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በአምራቹ ዋስትና የማይሸፈን በመሆኑ ወጪው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ስያሜ

በዚህ ጽሑፍ «ተሽከርካሪ ቤት» የሚለው ቃል በአሜሪካ «አር ቪ» የሚባለውን፣ በአውሮፓ ደግሞ የሚጎተተው «ካራቫን»፣ ባለሞተሩ «ሞተርሆም» ተብሎ የሚጠራውን ሁሉ ያጠቃልላል። አልጋ፣ ማብሰያ፣ መጸዳጃና ብዙ ጊዜም ሻወር ያለው መኪና ወይም ተጎታች ነው። በአሜሪካ የዚህ ኢንዱስትሪ ማዕከል በኢንዲያና ግዛት የምትገኘው የኤልክሃርት ከተማ ናት።

«ክረምት» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወቅት ስለሚያመለክት እዚህ ላይ ያሳስታል። በውጭ አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ለበረዶው ወቅትም ይጠቀሙበታል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን «የውርጭ ወራት» የሚለው ተመርጧል። «በረዶ» የሚለውም ቃል ከሰማይ የሚወርደውን ሳይሆን የጠጠረውን ውሃ ለማለት የገባ ነው።

ቧንቧ ለምን ይፈነዳል?

አብዛኞቹ ፈሳሾች ሲቀዘቅዙ ይዘታቸው ይቀንሳል፤ ሲጠጥሩም ይበልጥ ይቀንሳል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሁ ነው፤ ከዚያ በታች ግን መልሶ መስፋት ይጀምራል። በ0 ዲግሪ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሞለኪውሎቹ በመካከላቸው ክፍት ቦታ በሚተው ባለስድስት ማዕዘን አደረጃጀት ስለሚደረደሩ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በተለምዶ የሚታሰበው በረዶው የቧንቧውን ግድግዳ ወደ ጎን ገፍቶ እንደሚቀደው ነው። ይህ ሊሆን ቢችልም ብዙ ጊዜ ቧንቧ የሚፈነዳው በሌላ መንገድ ነው። ቧንቧው በጣም በቀዘቀዘው ቦታ ላይ መጀመሪያ የበረዶ ቡሽ ይፈጠራል። ቡሹ በቧንቧው ርዝመት እያደገ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ውሃ ይገፋል። ውሃው መውጫ ካለው ምንም አይሆንም። ከፊቱ የተዘጋ ሩቢኔት ካለ ግን በቡሹና በሩቢኔቱ መካከል የታሰረው ውሃ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። ውሃ በቀላሉ የሚታመቅ ፈሳሽ ስላልሆነ ትንሽ የበረዶ ዕድገት ትልቅ ግፊት ያስከትላል። ፍጹም በተዘጋና በማይበገር ዕቃ ውስጥ ቢሆን ውሃው ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እስከ 2000 ባር ገደማ ሊገፋ ይችላል። የቤት ቧንቧ ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ግፊት ይሰነጠቃል። በመሆኑም የፈነዳው ቦታ ብዙ ጊዜ በረዶ ያልነበረበት ቦታ ሆኖ ይገኛል።

በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤት ቧንቧዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ያልተሸፈነ ቧንቧ አደጋ ላይ የሚወድቀው የውጭው ሙቀት ከዜሮ በታች ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መሆኑን አሳይተዋል። ቁጥሩ የወጣው ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለተሽከርካሪ ቤት አይደለም። የተሽከርካሪ ቤት ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ወለሉም ከሥሩ ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር እንደ መተማመኛ መያዝ አይገባም።

የተሽከርካሪ ቤትን ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ለጉዳት የሚያጋልጠው ሌላም ነገር አለ። በመኖሪያ ቤት የሚሰፋው ውሃ ወደ ከተማው መስመር ተመልሶ ሊገፋ ይችላል። በተሽከርካሪ ቤት ግን ከውጭ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ፤ ፓምፑም ወደ ኋላ አያሳልፍም። ሩቢኔቶቹ ሁሉ ከተዘጉ መስመሩ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ነው። በውርጭ ወራት ቆሞ በሚከርም ተሽከርካሪ ላይ ሩቢኔቶች ሁሉ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሆኖም ፀሐይ ስትወጣ ብርዱ ስለሚሰበር በቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ሙሉ በሙሉ ለመጠጠር ጊዜ አያገኝም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሚኒሶታ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ቀን ላይም ከዜሮ በታች ሆኖ ሊሰነብት ይችላል። በአዲስ አበባ ልምድ ያደገ ሰው ችግሩን አቅልሎ ቢያየው አያስደንቅም።

የመስመሩ ክፍሎች

ንጹህ ውሃ በታንከር ይቀመጣል፤ በኢትዮጵያ ሮቶ ከሚባለው ጋር ሥራው አንድ ነው፣ መጠኑ ግን ያንሳል። ከታንከሩ ውሃውን በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ወደ ሩቢኔቶቹ ይገፋል። ተሽከርካሪው በካምፕ ሲቆም ውሃው በጎማ በቀጥታ ከውጭ መስመር ይገባል። የሙቅ ውሃ ማሞቂያው በአሜሪካ ብዙ ጊዜ 6 ወይም 10 ጋሎን ይይዛል፤ ይህም 23 ወይም 38 ሊትር ገደማ ነው። የእቃና የገላ እጣቢ ወደ አንድ ታንከር፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ ወደ ሌላ ታንከር ይገባል። አዳዲሶቹ ቧንቧዎች ፔክስ ከሚባል ተለጣጭ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፔክስ ራሱ መጠነኛ መስፋትን ይችላል፤ የሚሰበሩት መገጣጠሚያዎቹ፣ ሩቢኔቶቹና የፓምፑ ራስ ናቸው። «ቧንቧዬ ፔክስ ነው፣ አይፈነዳም» የሚለው አባባል ስለዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ውሃውን ማፍሰስ

ሥራው የሚጀመረው ከቆሻሻው ነው። የመጸዳጃውና የእጣቢው ታንከሮች ለዚህ በተዘጋጀ የማስወገጃ ቦታ ተደፍተው ይታጠባሉ። ቀጥሎ የንጹህ ውሃው ታንከር ማፍሰሻ ይከፈታል፤ ከወለሉ ሥር በዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚገኙት ሁለት ማፍሰሻዎች፣ አንዱ የቀዝቃዛ አንዱ የሙቅ መስመር፣ እንዲሁ ይከፈታሉ። ሩቢኔቶቹ ሲከፈቱ አየር ስለሚገባ ውሃው በፍጥነት ይወርዳል። ታንከሩ ካለቀ በኋላ ፓምፑ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይሠራና በራሱ ውስጥ የቀረውን ይተፋል።

ማሞቂያው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ጋዙም ኤሌክትሪኩም መጥፋት አለባቸው፤ ከዚያ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይጠበቃል። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ሳይከፈት የማፍሰሻው ቡሽ ከተፈታ ትኩስ ውሃ በግፊት ወጥቶ የሚሠራውን ሰው ሊያቃጥል ይችላል። በብረት ማሞቂያዎች ውስጥ ቡሹ ላይ የተያያዘ የአኖድ ዘንግ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከማግኒዥየም የሚሠራ ሲሆን ዝገቱ ታንከሩን ትቶ እሱን እንዲበላ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ተበልቶ አልቆ ከተገኘ መለወጫው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። የአሉሚኒየም ማሞቂያዎች ይህ ዘንግ የላቸውም፤ ቡሻቸው ፕላስቲክ ነው።

ማሞቂያው ባዶ ሆኖ ሳለ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ከተነካ የማሞቂያው ዘንግ ወዲያው ይቃጠላል። ማብሪያው ላይ «ባዶ ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ ቀላልና የሚያዋጣ ልማድ ነው።

በአየር ወይስ በአንቲፍሪዝ?

ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። ቧንቧው በወረደበትና መልሶ በወጣበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ይህን ለማስወገድ ሁለት መንገዶች አሉ፤ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ባለቤቶች አይስማሙም።

የመጀመሪያው የታመቀ አየር ነው። ኮምፕሬሰር ከውጭ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ በማገናኛ ይገጠማል፤ ግፊቱም ከ30 እስከ 40 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም ከ2 እስከ 3 ባር ገደማ፣ ላይ ይስተካከላል። ከዚህ በላይ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹን ውርጩ ሳይደርስባቸው አየሩ ራሱ ይጎዳቸዋል። ሩቢኔቶቹ በተራ፣ አንድ በአንድ፣ ሙቁና ቀዝቃዛው ለየብቻ ይከፈታሉ፤ ብናኝ ብቻ ሲወጣ ይዘጋሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ አየሩ በቀላሉ ወደሚወጣበት ያመልጥና በሌሎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይነካ ይቀራል። ለጎማ መንፊያ የሚሆን ትንሽ ኮምፕሬሰር ግፊቱ ቢበቃም የአየሩ መጠን ስለማይበቃ በውሃው ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዙሩ ሁለት ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። የአየር ጥቅሙ መስመሩ ውስጥ ምንም ባዕድ ነገር አለመግባቱ ነው። ጉድለቱ ውሃው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በዓይን ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፓምፑን ተጠቅሞ ለዚሁ የተሠራ አንቲፍሪዝ በመስመሩ ውስጥ መሙላት ነው። መጀመሪያ የማሞቂያው ባይፓስ ይዞራል፤ ይህም ፈሳሹ ማሞቂያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሙቅ መስመሩ እንዲሄድ የሚያደርግ የቫልቭ ሥርዓት ነው። ባይፓሱ ከተረሳ ማሞቂያው ብቻውን 6 ወይም 10 ጋሎን አንቲፍሪዝ ይውጣል፤ ባይፓሱ ከሠራ ግን ለጠቅላላው መስመር ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ጋሎን ይበቃል። ማፍሰሻዎቹ ይዘጋሉ፣ የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ በአንቲፍሪዙ ጀሪካን ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ ይነሣል። እያንዳንዱ ሩቢኔት የፈሳሹ ቀለም ደምቆ እስኪወጣ ድረስ ይከፈታል። የሚወጣው ፈሳሽ ገርጥቶ ከታየ ገና ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ አይዘጋም። አየሩ የማይሰጠው ማረጋገጫ ይህ ነው።

አንዳንዶች አንቲፍሪዙን በንጹህ ውሃው ታንከር ውስጥ ይገለብጡታል። አይመከርም፤ በታንከሩ ግርጌ የቀረው ውሃ ፈሳሹን ያቀጥነዋል፣ ይህ ፈሳሽ ደግሞ ሳይበረዝ እንዲሠራ ተዘጋጅቶ የተሸጠ ነው። ሁለቱንም መንገድ የሚጠቀሙ፣ ማለትም በአየር ጠርገው አንቲፍሪዝ የሚሞሉ፣ በጣም በሚበርድባቸው አካባቢዎች ጥቂት አይደሉም።

በአውሮፓ ልማዱ ይለያል። በዚያ ብዙዎች አንቲፍሪዝ ሳይጨምሩ ውሃውን አፍስሰው ሩቢኔቶቹን ክፍት ይተዋሉ። የጀርመኑ ኩባንያ ትሩማ ለማሞቂያዎቹ የሚሠራው የውርጭ መከላከያ ቫልቭ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ያለ ኤሌክትሪክ በራሱ ተከፍቶ ማሞቂያውን ያፈስሳል፤ መልሶ የሚዘጋው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሆን ነው። በጸደይ ውሃ እየሞላ የሚፈስስበት ጀማሪ ቫልቩ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ ቫልቩ ግን ብርዱን ለክቶ ሥራውን እየሠራ ነው።

የሚረሱ ቦታዎች

ከተለመዱት ጉዳቶች ብዙዎቹ የሚደርሱት ዋናው መስመር በደንብ በተሠራበት ተሽከርካሪ ላይ ነው። በውጭ ግድግዳ ላይ ያለው ሻወር የራሱ ሙቅና ቀዝቃዛ ሩቢኔት አለው፤ ክዳኑ ስለሚሸፍነው ይዘለላል። የመጸዳጃው የውሃ ቫልቭና ከጎኑ ያለው የእጅ መርጫ፣ የበረዶ መሥሪያ ያለው ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ሁሉም የየራሳቸው ውሃ ይይዛሉ። የውሃ ማጣሪያው ውስጠኛው ክፍል ወጥቶ ይጣላል፤ ቤቱም ይደፋል፤ ውሃ ከቀረበት የፕላስቲክ ቤቱ ይሰነጠቃል። ከላቫንዲኖውና ከሻወሩ ሥር ባለው ሲፎን ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ስለሚኖር በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስኒ ያህል አንቲፍሪዝ ይፈስበታል። በመጨረሻ ግፊቱ ከተቀነሰ በኋላ የውጭው ውሃ መግቢያ ቫልቭ በቀስታ ይጫናል፤ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጠብ ሲል ያ አጭር ክፍልም ውሃ እንዳልቀረበት ይታወቃል።

የአንቲፍሪዝ ዓይነትና የመመረዝ አደጋ

አንቲፍሪዝ የሚለው ቃል በኢትዮጵያ አሽከርካሪዎች ዘንድ የታወቀው በራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ሆኖ ነው። አደገኛው መደናገርም የሚመጣው ከዚህ ነው። የራዲያተሩ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከኤትሊን ግላይኮል ነው፤ ይህ ኬሚካል መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትና ውሾች ሊጠጡት ይችላሉ። በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ኦክሳሊክ አሲድ ይፈጥራል፤ ይህም ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ በኩላሊት ውስጥ ክሪስታል እየሠራ ኩላሊትን ያቆማል። ፎሜፒዞል የሚባል ማርከሻ መድኃኒት ቢኖርም የሚጠቅመው በቶሎ ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ የጠጣ ወይም ጠጥቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ምልክት ሳይጠበቅ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ የራዲያተር ፈሳሽ ፈጽሞ አይገባም፤ አንድ ጊዜ ከገባ በማጠብ ብቻ ንጹህ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም።

ለተሽከርካሪ ቤት የሚሸጠው ፈሳሽ በዋናነት ከፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራ ነው። ይህ ኬሚካል በምግብና በመድኃኒት ዝግጅት ውስጥም ይገባል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በአጠቃላይ ደህንነታቸው ከታመነባቸው ነገሮች ይመድበዋል። ከኤታኖል የተሠሩ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ፤ እነዚህ ተቀጣጣይ ናቸው፣ የጎማ ማሸጊያዎችንም ሊያደርቁ ይችላሉ። የመጠጥ መስመር ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ሮዝ ነው፤ ነገር ግን ሮዝ የሆኑ የራዲያተር ፈሳሾችም ስላሉ ቀለሙ ማስረጃ አይሆንም። መነበብ ያለበት ጽሑፉ ነው።

በጀሪካኑ ላይ «ከዜሮ በታች 50» የሚል ቁጥር በብዛት ይታያል። ቁጥሩ በፋራንሃይት ነው፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 46 ገደማ ይሆናል። ትርጉሙም ፈሳሹ እስከዚያ ድረስ ቀጭን ሆኖ ይቆያል ማለት አይደለም። ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ እንደ ጭማቂ በረዶ መጓጎል ይጀምራል፤ ሆኖም ጠንካራ በረዶ ስለማይሆን ቧንቧውን አያፈነዳም። በጥር ወር ሩቢኔት ከፍቶ የጓጎለ ሮዝ ነገር ያየ ሰው ሥራው እንደከሸፈ ሊመስለው ይችላል፤ ይህ ግን የሚጠበቅ ነው።

በውስጡ እየኖሩ ለሚከርሙ

ብዙ ጡረተኞች የውርጭ ወራትን ወደ አሪዞናና ፍሎሪዳ ተጉዘው ያሳልፋሉ። በቤት ኪራይ ውድነት ወይም በሥራ ምክንያት በብርዱ አገር በተሽከርካሪ ቤት ውስጥ እየኖሩ የሚከርሙም አሉ። እነዚህ ውሃውን ማፍሰስ አይችሉም፤ መስመሩን ማሞቅ ነው ያለባቸው። የውጭው ጎማ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ካልሆነ ቀን ታንከሩን ሞልቶ ሌሊት ጎማውን ነቅሎ ማፍሰስ ይሻላል። የወለሉ ዙሪያ እስከ መሬት ድረስ በሸራ ወይም በፎም ይሸፈናል፤ ከላቫንዲኖ ሥር ያሉ በሮች ሌሊት ክፍት ይተዋሉ። በመኖሪያ ቤት የሚመከረው ሩቢኔትን ጠብ ጠብ እንዲል መተው እዚህ ችግር ያመጣል፦ የእጣቢው ማፍሰሻ ክፍት ከሆነ ያ ቀጭን ፍሳሽ በውጭው ቱቦ ውስጥ እየጠጠረ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ታንከሩ ሌሊቱን ሞልቶ ወደ ሻወሩ ይመለሳል። የሁለቱም ቆሻሻ ታንከሮች ማፍሰሻ ተዘግቶ የሚከፈተው ሲሞሉ ብቻ ነው።

ቤቱን ለማሞቅ የምግብ ማብሰያውን ወይም ለቤት ውስጥ ያልተሠራ የጋዝ ማሞቂያን መጠቀም ለሕይወት ያሰጋል። ከሰል በዝግ ቤት ሲነድ ሰው እንደሚገድለው ሁሉ፣ በጠባቡ ተሽከርካሪ ውስጥም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል። ማንቂያ መሣሪያው ባትሪ እንዳለው መፈተሽ ከቧንቧው ይቀድማል።

በጸደይ ወደ ሥራ መመለስ

ውርጩ ካለፈ በኋላ መስመሩ ቀለምና አረፋ እስኪጠፋ ድረስ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በበረኪና ይታከማል። ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነና ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ለ57 ሊትር የታንከር መጠን 60 ሚሊ ሊትር ሆኖ በውሃ ተበርዞ ይጨመራል። ሽታው በሁሉም ሩቢኔቶች እስኪወጣ ድረስ ይሳባል፤ ለብዙ ሰዓታት ከቆየ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ይታጠባል። አዲሱ ማጣሪያ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የማሞቂያው ባይፓስ ይመለሳል፤ ማሞቂያው የሚበራው በሙቁ ሩቢኔት በኩል አየር ሳይቀላቀል ውሃ ሲወጣ ብቻ ነው።

ስንጥቅ መኖሩ የሚፈተነው በፓምፑ ነው። ሩቢኔቶቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ ሲነሣ መስመሩን ግፊት ሞልቶ ራሱ ይቆማል፤ ከዚያ ዝም ማለት አለበት። ማንም ሩቢኔት ሳይከፍት ፓምፑ በየደቂቃው ለአፍታ እየተነሣ የሚቆም ከሆነ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፤ ፓምፑ ጠፍቶ ፍለጋው ከውጭው ሻወር፣ ከመጸዳጃው ቫልቭና ከውሃ ማጣሪያው ቤት ይጀመራል።